ሽማግሌዎቼ የታገቱበት ዓርብ

በስዕሉ ላይ የነበሩት መኪኖች ሁለት ብቻ ናቸው። ሰፈሩን ያመሰው ይኸው ነው።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ዳር ዳሩን የኒም ዛፍ የቆመበት ባዶ ሜዳ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ትልቅ ሰሌዳ ተተክሎበት አገኘን። ሰሌዳው ላይ ሽቅብ ሲያዩት አንገት የሚያም ዒማራ ተስሏል፤ ዒማራ እዚያ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ነው። በረንዳው ሁሉ አበባ፣ ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ፣ ከሥር ደግሞ ካርቱም በዕድሜዋ አብቅላው የማታውቅ ለምለም ሣር። ሣሩ ላይ አንዲት ሴት ውሻ እየጎተተች ትንሸራሸራለች። እሷንም ይቅር ብለናት ነበር። ከሣሩ ዳር ግን ሁለት መኪና ብቻ ቆሟል፤ አንድ ነጭ፣ አንድ ቀይ። ሰው እየመጣ ፎቁን ይቆጥራል፣ በየፎቁ ያለውን መስኮት ይቆጥራል፣ መኪኖቹ ጋ ሲደርስ ይቆምና «የቀሩትስ?» ይላል።

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። መንገዳችን ጠባብ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንዱ መኪና ሲገባ ሌላው ወደኋላ ተመልሶ ነበር የሚያሳልፈው። ያ ሁሉ ቤተሰብ መኪናውን ይዞ ቢመጣ የት ሊያቆመው ነው? በቀድሞው ጊዜ ቢሆን ሰዉ ይህን በልቡ ጠይቆ ዝም ይል ነበር። ዘመኑ ግን ሕዝብ መንግሥት ያወረደበት ዘመን ነበር። ዝም ብሎ የኖረ አፍ ሁሉ ተከፍቶ የሚዘጋው ጠፍቷል። ቆሻሻው የት ይጣል? ስብሰባ። መብራት ሲመጣ ማን ቀድሞ ውኃ ይሳብ? ድምፅ ይሰጥ። እኛ ሐበሾቹ እንኳ ተለክፈን ነበር፤ የወንድሜ ሚስት አንድ ቀን ሽሮ ይሁን ምስር ብላ እጅ ስታስወጣን ወንድሜ ተሸንፎ አኩርፏል።

መሐንዲሱ ለስብሰባ ተጠራና መጣ። ክራባት ያሰረ፣ ትሑት፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ ሰው ነበር። የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ለጅና የሚሉት፣ መሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ የድምፅ ማጉያዋን ከእጇ አትለይም፣ ፊት ለፊቷ ለቆመ ሰው እንኳ በሱ ነው የምታወራው።

«ያ ባሽሙሐንዲስ! መኪኖቹ የት ይቆማሉ?»

«ቦታ ይገኛል፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ የሚባል መንገድ በዚህ ሰፈር የለም!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ፤ ከዚያ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ሲያዩት እንደሚያስፈራው አይደለም፣ መንገዳችሁ ይበቃል አለ። ልጅቷም የማትመለስበትን ቃል ያን ጊዜ ተናገረች። እንግዲያው እንሞክረው። ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሕንፃው ይኖሩታል የሚባሉትን ሰዎች ያህል መኪና አምጥተን ሜዳውና መንገዱ ላይ እናቆማለን። አንተም መጥተህ በዓይንህ ታያለህ። ያልተሠራ ሕንፃ ልምምድ ልናደርግ ነው ማለት ነው። ጭብጨባው ለጉድ ነበር።

እኔ ግን አላጨበጨብኩም፤ ለእኔ ያ ሜዳ ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚሠራው እዚያ ነበር።

እሱ ስል አሁን ባሌ የሆነውን ማለቴ ነው። ከጎጃም ተነስቶ ሊቢያን ተሻግሮ ባሕሩን ሊሞክር ካርቱም ደረሰ፤ እስኪሄድ ድረስ በቀን ሥራ ሲሸከም፣ ሲቆፍር ከረመና በመጨረሻ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ሜዳው ላይ መኪና ማጠብ ጀመረ። ባለመኪኖቹ ቁልፋቸውን እየተዉለት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ያጥባል፣ ያስገባል፣ ያስወጣል። እኔ ዐማራት የሚባል ሌላ ሰፈር አንድ ካፌ ማእድ ቤት ነበር የምሠራው። ጠዋት ጠዋት በሜዳው ሳልፍ፣ አጥቦ የጨረሰውን መኪና እንደ አዲስ ማጠብ ይጀምራል። መጀመሪያ ውኃ የማያሳዝነው ሰው ነው ብዬ ነበር። በኋላ ገባኝና እኔም መንገዱን ማርዘም ጀመርኩ።

ችግሩ ወንድሜ ነው። ወንድምጋሼ ካርቱም የገባው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው፤ በርበሬና ጤፍ ይነግዳል። አሳድጎኛል፣ እወደዋለሁ፣ እንደ እሱ ግን ሰው የማያምን ፍጡር አላየሁም። ቦክሲ አለችው፤ ቦክሲ ይሏታል እዚያ ፒክአፕን። ቁልፏን ከአንገቱ ማተብ ጋር አስሮ ነው የሚያድረው። ሚስቱ «መስቀሉንና ቁልፉን አንድ ላይ ነው የሚሳለመው» ትላለች። አንድም ቀን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም፤ ሜዳው ላይ ያን ሁሉ መኪና የሚያጥብ ልጅ እያለ እሱ የራሱን በራሱ ነው የሚያጥበው። ስለ ልጁ ሲነሳም መልሱ አንድ ነው።

«መንገደኛ ነው። ዛሬ አለ፣ ነገ ሊቢያ ነው። አሁን ደግሞ ሜዳው ሊታጠር ነው፤ ሜዳው ሲሄድ እሱም ይሄዳል።»

የሚያስፈራኝ ወንድሜ መሳሳቱ አይደለም፤ እውነት መናገሩ ነው። አብረውት የመጡት ጓደኞቹ መኪና አግኝተው ሊነሱ ነበር፤ ለእሱም ቦታ ይዘውለታል። እሱም ፊቴ ላይ ነገረኝ። «ሽማግሌ እልካለሁ። ከሰጠኝ እዚሁ ነኝ፣ ሕንፃም ይሠራ ድንጋይ። ከከለከለኝ ግን ምን ይዤ እቀመጣለሁ?» ተናደድኩበት። እኔን እንደ ሚዛን ድንጋይ መሐል ላይ ማስቀመጥህ ነው አልኩት። ቤት ገብቼ ግን አለቀስኩ፤ በዚያ በረሃና በዚያ ባሕር ስንት ልጅ እንደ ወጣ እንደ ቀረ እናውቃለንና።

ሽማግሌዎቹም ዓርብ ሊመጡ ሆነ። በካርቱም የእረፍት ቀን ዓርብ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ሰርጉም፣ ሽምግልናውም የሚሆነው ያን ቀን ነው። የመኪናው ልምምድ ከሶላት በኋላ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ጠዋት ናቸው፣ አይገናኝም ብለን አሰብን። ሕዝብ ደስ ሲለው ሰዓት እንደማይጠብቅ ማን አስታወሰ!

ጠዋት ሦስት ሆነው መጡ። አንድ ቄስ፣ አንድ ከሩቁ ጀብራ ሰፈር የመጡ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ደግሞ አምጃድ የሚነዱ አዛውንት፤ አምጃድ የምትባለዋ ትንሿ ሚኒባስ ናት፣ የመጡትም በሷ ነው። ልጁ ሜዳው ላይ ሲጠብቃቸው ምን አደረገ? እንዳስተዳደጉ አደረገ። የተከበረ እንግዳ ከበር አይቀመጥም፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይ ነው የሚቀመጠው። አምጃዷንም እንደዚያው፣ ከሜዳው መጨረሻ፣ ከትልቁ ኒም ሥር፣ ጥላው ከማይሸሽበት ውስጠኛ ቦታ አስገብቶ አቆማት። ጨርቁን አውጥቶ መስተዋቷንም ወለወላት። መኪና እንጂ ሰው አለመሆኗን፣ የገባችበትም መውጫ እንደሚያስፈልጋት ልብ አላለም።

ከውስጥ ወንድሜ ሽማግሌዎቹን «ግቡ፣ ተቀመጡ» አላቸው። አልተቀመጡም። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፣ ውኃም አይቀምስም። እኔና የወንድሜ ሚስት ከመጋረጃው ኋላ ጆሯችንን ቀስረን ቆመናል። ቄሱ የልጁን ጨዋነት፣ ጾመኛነት፣ ሠራተኛነት አንድ በአንድ ተናገሩ። ወንድሜ አጎንብሶ ሰማና ቀና አለ።

«አባቶቼ፣ አክብሬአችኋለሁ። እህቴን ግን ለመንገደኛ አልድርም። መልሴ ይኸው ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ አላለም፤ ከዘመድ ልማከር አላለም። የወንድሜ ሚስት ክንዴን ጨመቀችኝ። ሽማግሌዎቹ እጅ ነስተው ወጡ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። እነሱው ናቸው፤ ሦስቱም ተመልሰው መጥተዋል።

ለካ ውጭ ልምምዱ ተጀምሯል። ማንም ሶላት አልጠበቀም። ከዳር እስከ ዳር መኪና ይጎርፋል፤ ከጀብራ ሳይቀር ሰምተው የመጡ አሉ፣ ጀብራ ምን አግብቷት? ነዳጅ ደግሞ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ቤንዚን የሌለው ሰው መኪናውን በእጁ እየገፋ መጣ፤ ባለቤቱ መሪውን ይዞ፣ ጎረቤቱ ከኋላ «መደኒያ! መደኒያ!» እያለ እየገፋ፣ ለሲቪል መንግሥት የሚጮኸውን መፈክር ለአሮጌ ቶዮታ እየጮኸላት። ልጅቷ መኪና ጣሪያ ላይ ወጥታ በድምፅ ማጉያዋ ታዛለች። «ይቺ ሦስተኛ ፎቅ ናት! ዶክተሩ፣ አንተ አምስተኛ ፎቅ ነህ፣ ወደ ውስጥ ግባ!» ጥሩምባው ሲያይል አላፊዎቹ ሰርግ መስሏቸው እልል ይላሉ። ቁልፉ ሁሉ ልጁ ጋ ነው፤ ኪሱ አብጦ ሲራመድ ይንሿሿል። ያስገባል፣ ያጠጋጋል፣ ላብ ጨርሶታል። የሽማግሌዎቹን ፊት ሲያይ መልሱን አወቀ። ዞር ብሎ አምጃዷን ሲፈልጋት ደግሞ ጣሪያዋ እንኳ አይታይም።

«መኪናችን ታግታለች» አሉ ቄሱ፣ በሩ ላይ ቆመው። «እስክትወጣ እዚህ ብንጠብቅ?»

«እንዴታ አባ! ግቡ፣ ተቀመጡ» አለ ወንድሜ።

«እንዴት እንቀመጣለን ልጄ? እምቢ የተባልን ሰዎች እኮ ነን።»

ገብተው ቆሙ። ሳሎኑ መሐል፣ ሦስቱም በነጭ ጋቢያቸው፣ በዚያ ሙቀት፣ መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቀጥ ባለበት። ወንድሜ ውኃ አስመጣ። ቄሱ ጾም ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ አመሰግናለሁ አሉ። ወንበር አስጠጋ። ወንበሩን አመሰገኑ። ልብስ ሰፊው ትንሽ ወዝወዝ ማለት ጀመሩ፤ የአምጃዱ አዛውንት በክርናቸው ደገፏቸው። ወንድሜም ሊቀመጥ አልቻለም፤ ሽማግሌ ቆሞ ማን ይቀመጣል? አራቱም ተፋጠጡ። ከመጋረጃው ኋላ የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቋን ታፍናለች። እኔ ግማሹ ሳቅ ነው፣ ግማሹ ለቅሶ።

«ለመሆኑ ማነው መንገዱን የዘጋው?» አለ ወንድሜ በመጨረሻ ተናዶ።

የአምጃዱ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመጀመሪያው ረድፍ ቢላወስ ሌላው በተራ ይወጣ ነበር። እሱን የያዘችው የበሩ ላይ ቦክሲ ናት።»

የበሩ ላይ ቦክሲ የማን ናት? የወንድምጋሼ ናት።

እንግዲህ እዩት። ሽማግሌዎቹን ለመሸኘት ቦክሲዋ መነሳት አለባት። እሱ ራሱ እንዳይወጣ፣ ሽማግሌ ሳሎን ውስጥ አቁሞ ከቤት የሚወጣ ባለቤት ስሙ በደግ አይነሳም። ሚስቱ መንዳት አትችልም። የአምጃዱ አዛውንት መንዳት ይችላሉ፤ ግን በሽምግልና የገቡበት ቤት ውስጥ እንዴት ተልከው ይሮጣሉ? ሌላው ሰው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ነው። ከዚያ ጭንቅንቅ መኪና መዞ የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ አለ። ወንድሜ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ መለሰው፣ እንደገና ሰደደ። የቦክሲዋ ታንክ ሙሉ ነው፤ ሁለት ቀን ተሰልፎ ያስሞላው ቤንዚን ነው፣ ከኋላ ደግሞ ሙሉ ጀሪካን ጭኗል። ለበረሃ መንገደኛ ከዚያ የተሻለ ስንቅ የለም። ልብስ ሰፊው አሁን ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ጥሩልኝ» አለ ወንድሜ።

ልጁ መጣ፤ የበሩ ደፍ ላይ ቆመ፤ ኪሱ ተንሿሿ። ወንድሜ ቁልፉን ከማተቡ ለመፍታት ጊዜ ወሰደበት። ሳያየው ሰጠው።

«ዞረህ ከኋላ በኩል አቁማት። ሌላ ቦታ እንዳትነዳት።»

«እሺ ጋሼ።»

መጋረጃውን ትቼ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ቦክሲዋ ወደኋላ አለች፣ ወደፊት አለች፣ በሁለት መኪና መሐል እንደ መርፌ ክር ሾልካ ወጣች፤ ሰዉ አጨበጨበለት። መንገዱ ጫፍ ደረሰች፣ ታጠፈች፣ ጠፋች።

ጠበቅን። ዞሮ መምጣት የሚወስደው አጭር ጊዜ ነው። አልመጣም። ወንድሜ መስኮቱ ጋ መጣና ከጎኔ ቆመ። አሁንም አልመጣም። «ሄደ» አለ ወንድሜ፣ በቀስታ። ቁጣ አልነበረበትም፣ የሚያሳዝን ነገር ነበረበት፤ ለቦክሲዋ ይሁን ለእኔ አላውቅም። እኔ የጓደኞቹን መኪና፣ በረሃውን፣ ባሕሩን አየሁት። ከእምቢታው በኋላ ሙሉ ታንክ በእጁ ሰጥተነው ምን ይመልሰዋል ብዬ አሰብኩ። ማሰቤን አልደብቅም፤ አሰብኩ።

ከዚያ ከመንገዱ ጫፍ አንድ ሰው በእግሩ ሲሮጥ አየሁ።

ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። በመኪኖቹ መሐል እየዘለለ፣ በአንዱ ኮፈን ላይ ተንሸራትቶ፣ ኪሱ እየተንሿሿ መጣና ደፉ ላይ ቆሞ መተንፈስ አቃተው። ቁልፉን በሁለት እጁ ዘረጋ።

«መኪናዬስ?» አለ ወንድሜ።

«ቦታ አጣሁ ጋሼ። ከኋላ ሞልቷል። የሚቀጥለውም መንገድ ሞልቷል። ስዞር፣ ስዞር… ዐማራት አቁሜአት መጣሁ።»

«ዐማራት ምኑ ጋ?»

ልጁ አቀረቀረ። «የ… የእሷ ካፌ በር ላይ። ዘበኛውን ስለማውቀው።»

«ከዐማራት በእግርህ?»

«በሩጫ። አባቶች ቆመዋል ብዬ።»

ወንድሜ አየው። ከዚያ ቁልፉን አየ። ከዚያ የሆነ ድምፅ ከደረቱ ወጣ፤ ሳል መስሎኝ ነበር፣ ሳቅ ነው። ወንድሜ ሲስቅ ካየሁት ቆይቶብኝ ነበር። እንባው እስኪወርድ፣ በሩን ይዞ እስኪያጎነብስ ሳቀ። «ሙሉ ታንክ» ይላል፣ «ከነጀሪካኑ!» ይላል፣ ይስቃል። ሲበቃው ዓይኑን ጠርጎ ወደ ሳሎኑ ዞረ።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ።»

ሦስቱም በአንድ ጊዜ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ሲቀመጡ ያወጡትን የእፎይታ ድምፅ እስከ ዛሬ ለልጆቼ እያስመሰልኩ አሳያቸዋለሁ። የወንድሜ ሚስት እልልታዋን ለቀቀችው፤ ሜዳው ላይ ያሉት ደግሞ ለእነሱ መስሏቸው በጥሩምባ መለሱላት። እኔ ውኃ ይዤ ልወጣ ብዬ ማሰሮውን ገለበጥኩት።

አምጃዷ ግን አልወጣችም። ቦክሲዋ ከበሩ እንደ ተነሳች ሌላ ሰው ቦታዋን ይዞ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄዷል። ልጅቷ በድምፅ ማጉያዋ «አያችሁ? አያችሁ? አንድ ሲወጣ አንድ ይገባል!» ትላለች። መሐንዲሱ ለትዝብት መጥቶ የራሱም መኪና መሐል ላይ ቀርታለች። የወንድሜ ሚስት ክራባቱን አይታ አዘነችለትና ጠራችው፤ ከቄሱ ጎን ተቀምጦ የጾም በያይነቱን በላ፣ ሚጥሚጣው አስለቀሰው፣ ስዕሉንም እንደ ገና እንደሚሥለው ማለ። ሌላ ስዕል አላየንም፤ ነገሮች ተለዋወጡ፣ ሕንፃውም ሳይሠራ ቀረ።

ወደ ማታ ሲል መንገዱ ቀለል አለ። ወንድሜ ቁልፉን አንገቱ ላይ አልመለሰውም ነበር። ልጁን ጠራና መዳፉ ላይ አኖረለት።

«ሂድና አምጣት» አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ኮስተር አለ። «አንቺም አብረሽው ሂጂ። ካፌውን አሳዪው፣ እንዳይጠፋው።»

ሽማግሌዎቹ ጣሪያ ጣሪያ አዩ። የወንድሜ ሚስት ነጠላዋን መልሳ አፏ ውስጥ ከተተች።

ሰው እያየን ጎን ለጎን ስንሄድ የመጀመሪያችን ነበር፤ ረክሻ የሚሏትን ባጃጅ ይዘን ሄድን፣ ቦክሲዋ እንደ ቆመች አለች። ገባን። ሞተሩን አስነሳ፣ የቤንዚኑን መርፌ አየ፣ እኔንም አየኝ።

«ወዴት እንሂድ?» አለኝ።

«ቤት» አልኩት።

ቤት ስንደርስ ማቆሚያ የለም። ነዳጅ የሌላቸው መኪኖች የሚገፋቸው አጥተው እንደ ቆሙ ናቸው። ዞርን። ከኋላም የለም። እንደገና ዞርን። መስኮቱ ክፍት ነው፣ ነፋሱ ቀዝቀዝ ብሏል፣ እሱ በአንድ እጁ ይነዳል፣ በሌላው እጄን ይዞታል፤ እኔ ቦታ እንዳይገኝ እየጸለይኩ ነው። በቤታችን ፊት ባለፍን ቁጥር ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል። በመጀመሪያው ዙር ትንሽ ተጨንቆ ወደ እኛ ሊመጣ ነበር። በሚቀጥለው ግን በሩን ተደግፎ እጁን እያወዛወዘ ይጮኽልን ነበር፦

«ያላ፣ ዙሩ! ዙሩ! ታንኩ ሙሉ ነው!»